ዐብዱረኡፍ አል-ሲንኪሊ (1615 ገደማ–1693)፦ የአቼው ሊቅ ሕይወትና እስልምና በማላይ ቋንቋ

በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ የአቼ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ፣ ለብዙ ዘመን የዚያራና የዱዓ ቦታ ሆኖ የኖረ መቃብር አለ። የአገሩ ሰው በዚያ ያረፉትን ሊቅ በተጸውዖ ስማቸው ከመጥራት ይልቅ ሲያህ ኩዋላ ማለትን ይመርጣል፤ ትርጓሜውም ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ስፍራ ሸይኽ እንደ ማለት ነው። በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር በኖረ ትውፊት እስልምናን ወደ አቼ ያመጡት እኚሁ ሊቅ ናቸው። ትውፊቱ በዘመን ስሌት ሲመዘን አይጸናም። ዐብዱረኡፍ ኢብን ዐሊ አል-ሲንኪሊ በተወለዱበት በ1615 ገደማ እስልምና በዚያ የባሕር ዳርቻ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ኖሮ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆኖም አንድ ሕዝብ የሃይማኖቱን መምጣት ከነጋዴውም ከሱልጣኑም ወስዶ ለአንድ የመጽሐፍ ሰው መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የሊቁ ሕይወት ሲመረመር ምክንያቱ ይገለጣል፤ እስልምና ወደ ማላይ ሕዝቦች ሁለት ጊዜ ገብቷል ለማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ በመርከብ፣ በገበያና በጋብቻ፣ ኋላ ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው።

የመጀመሪያው አገባብ ታሪክ በድንጋይና በመንገደኞች ማስታወሻ ተጠብቆ የቆየ ነው። ማርኮ ፖሎ በ1292 በሰሜን ሱማትራ ሲያልፍ፣ የፐርላክ ከተማ ነዋሪዎች ከሚመላለሱባቸው ሙስሊም ነጋዴዎች የተነሣ እስልምናን መቀበላቸውን፣ በተራራማው አገር የሚኖሩት ግን በቀድሞ እምነታቸው መጽናታቸውን መዝግቧል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሳሙድራ-ፓሳይ የነገሡት የሱልጣን ማሊክ አስ-ሷሊሕ የመቃብር ድንጋይ የ1297ን ዓመት ይዞ ይገኛል። ኢብን በጡጣ በ1345 እና በ1346 መካከል በዚያው ሲያልፍ የሻፊዒይን መዝሀብ የሚከተልና ከሕግ ዐዋቂዎች ጋር መከራከርን የሚወድ ሱልጣን አግኝቷል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማላካ ገዢዎች ሲሰልሙ የማላይ ቋንቋ የንግድም የሃይማኖትም መግባቢያ ሆኖ በባሕረ ሰላጤዎቹ ሁሉ ተስፋፋ። ፖርቱጋሎች በ1511 ማላካን በያዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር መነገድ ያልፈለጉ ሙስሊም ነጋዴዎች ሌላ ወደብ ፈለጉ፤ ከዚህም ሽሽት ይበልጥ የተጠቀመችው አቼ ነበረች።

ይህ መስፋፋት በመጀመሪያው ምዕራፉ የጦር ዘመቻ ውጤት አልነበረም። የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኛ የወቅቱ ነፋስ እስኪመለስለት ድረስ በወደቡ ወራትን መቆየት ነበረበት፤ በቆይታው ቤት ይሠራል፣ ከአገሩ ሴት ያገባል፣ መስጊድ ያቆማል፣ ልጆቹን ቁርአን የሚያስቀራ ይፈልጋል። የአገሩ ገዢም በበኩሉ ነጋዴውን በወደቡ ለማቆየት፣ ስሙንም ከዓለም ሱልጣኖች ተርታ ለማሰለፍ እምነቱን ይቀበላል። የመጀመሪያዎቹ ሰባኪዎች ከጉጃራት፣ ከኮሮማንዴል ወይስ ከዐረብ አገር መጡ የሚለው ክርክር የተመራማሪዎችን ብዙ ጊዜና ቀለም ወስዷል። ጥያቄው ግን ከሚሰጠው መልስ በላይ ጉልበት የበላ ይመስላል፤ ወደቦቹ ከሁሉም ጋር ይነግዱ ነበርና። ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሸሃዳውን ተቀብሎ ስሙን የለወጠው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ዐረብኛ ሳያውቅ ሃይማኖቱን በምን ቋንቋ ሊማር ኖሯል የሚለው ነው።

ዐብዱረኡፍ የተወለዱት በሱማትራ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በሲንግኪል ሲሆን ስማቸው ላይ የሚቀጸለው አል-ሲንኪሊ የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ አል-ፋንሱሪ የሚል መጠሪያም ይታከልበታል። ፋንሱር፣ ዛሬ ባሩስ የምትባለው፣ ካፉር ወደ ዐረብና ወደ ሕንድ የሚጫንባት የጥንት ወደብ ናት፤ ሙስሊሞች ሬሳ ሲያጥቡ ከውሃው ጋር የሚቀላቅሉት መዓዛ ስሙን በሩቅ አገር ያስጠራው ከዚያች ወደብ ነበር። ልጅነታቸው የዋለው አቼ በኃይሏ ከፍታ ላይ በነበረችበት በሱልጣን እስከንድር ሙዳ ዘመን (1607–1636) ነው። ሱልጣኑ ከ1613 እስከ 1620 ባሉት ዓመታት ጆሆርን፣ ፓሃንግን፣ ኬዳንና ፔራክን ወግተው ያስገበሩ፣ የቁንዶ በርበሬውን ንግድ በእጃቸው ያደረጉ ገዢ ነበሩ፤ በ1629 ግን ፖርቱጋሎችን ከማላካ ለማስወጣት ያዘመቱት ታላቅ የባሕር ኃይል ተደመሰሰ።

በዚያ ቤተ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት መንፈስ ሱፊያዊ ነበር። ባለቅኔው ሐምዛ ፋንሱሪና በ1630 ያረፉት ሸምሱዲን የፓሳዩ ወሕደተል ዉጁድ የሚባለውን የህላዌ አንድነት ትምህርት፣ ይኸውም እውነተኛ ህላዌ የአላህ ብቻ መሆኑንና ፍጥረት የእርሱ መገለጫ መሆኑን የሚያስተምረውን የኢብን ዐረቢን አስተሳሰብ፣ በማላይ ቋንቋ ጽፈው አስፋፍተዋል። ሸምሱዲን የእስከንድር ሙዳ የቅርብ አማካሪ ስለ ነበሩ ትምህርቱ የቤተ መንግሥት ክብር ነበረው።

ሱልጣኑ በ1636 ሲሞቱ ሥልጣኑ ለአማቻቸው ለእስከንድር ሳኒ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1637፣ ከጉጃራት ከራንዴር ከተማ የመጡት ሊቅ ኑሩዲን አር-ራኒሪ አቼ ደርሰው የአዲሱን ሱልጣን ሞገስ አገኙ። አር-ራኒሪ በዕውቀታቸው የማይታሙ፣ በማላይ ቋንቋም ብዙ የጻፉ ሊቅ ነበሩ፤ የህላዌ አንድነትን ትምህርት ተከታዮች ግን ፈጣሪንና ፍጥረትን አንድ ያደርጋሉ ብለው በክህደት ከሰሱ። ክሱ በክርክር ብቻ አልቆመም። የሐምዛና የሸምሱዲን መጻሕፍት በባይቱረሕማን መስጊድ ፊት ተቃጠሉ፤ ንስሐ አንገባም ካሉት መካከልም የተገደሉ ነበሩ። በአቼ ሙስሊም ሙስሊሙን በመጽሐፍ ምክንያት የገደለበት ይህ ዘመን በኋላ ዐብዱረኡፍ በጻፉት ሁሉ ላይ ጥላውን አጥልቷል።

ዐብዱረኡፍ ወደ ዐረብ አገር የተሻገሩት በ1642 ገደማ፣ አር-ራኒሪ በሥልጣናቸው ሳሉ ነው። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከ19 ዓመታት በኋላ ነበር። ስለ ጉዟቸው የሚታወቀው ራሳቸው ዑምደተል ሙሕታጂን በሚባለው መጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ ካሰፈሩት የመምህራን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ 19 መምህራንንና በልዩ ልዩ መንገድ የተገናኟቸውን 27 ዑለማዎች ይጠቅሳል። በዘመኑ የማላይ አገር ሊቃውንት ስለ ራሳቸው መጻፍ እምብዛም ስለማያዘወትሩ፣ ይህ ገጽ ለታሪክ አጥኚው የማይተካ ምንጭ ሆኗል።

በዝርዝሩ መሠረት ትምህርታቸው የሐጅ መንገድን ተከትሎ የተዘረጋ ነው፤ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤዋ ከዶሃ ተነሥቶ በየመን በኩል ወደ ጅዳ፣ ወደ መካና ወደ መዲና ይወጣል። በየመን በዘቢድና በበይተል ፈቂህ የጀዕማን ቤተሰብ ከሚባሉት የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ፤ የሐዲስና የፊቅህ መሠረታቸው የተጣለው በዚህ ነው። ከኢትዮጵያ ጠረፍ ፊት ለፊት የሚገኘው ይህ የየመን ዳርቻ በእነዚያ ዓመታት ብዙ የተለያዩ መንገዶች የሚገናኙበት ነበር፤ ዐብዱረኡፍ በዐረብ አገር በሚማሩበት ዘመን፣ በ1648፣ የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ አፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ወደ ጎንደር ሄዷል። ከጃዋና ከሱማትራ የሚመጡትን ተማሪዎች ሁሉ ዐረቦቹ ጃዊ በሚል አንድ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ማላይ፣ ሚናንግካባው፣ ማካሳር ወይም ጃቫዊ መሆን በመካና በመዲና ልዩነት አልነበረውም።

የዐብዱረኡፍ ሕይወት የተለወጠው በመዲና ነው። በዚያ የሁለት ሊቃውንት ደቀ መዝሙር ሆኑ። አንደኛው አሕመድ አል-ቁሻሺ፣ ሁለተኛው ደግሞ የእርሳቸው ተማሪና ተተኪ የሆኑት ኩርዳዊው ኢብራሂም አል-ኩራኒ ናቸው። ከአል-ቁሻሺ የውስጡን ዕውቀት ተማሩ፤ የሸጣሪያንና የቃዲሪያን ጠሪቃ ለሌሎች ለማስተላለፍ የሚያበቃ ኢጃዛም ተቀበሉ። በመዲናው ክበብ የሱፊ ምሥጢርና የሸሪዓ ሕግ እንደ ጠላቶች አይተያዩም ነበር፤ ኢብን ዐረቢን የሚያነብ ሰው ሐዲስን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ሶላቱንም በሥርዓቱ መስገድ ይጠበቅበታል። አቼን የከፈለው ጥያቄ በመዲና መልስ ነበረው፤ መልሱም መጽሐፍ ማቃጠልን አይጨምርም። አል-ኩራኒ ከጃዊ ተማሪዎቻቸው የቀረበላቸውን ጥያቄ ተቀብለው ኢትሓፍ አዝ-ዘኪ የሚባለውን መጽሐፍ የጻፉት፣ በሩቁ ደሴት የተነሣውን ክርክር በሰከነ አንደበት ለማብራራት ነው። አል-ቁሻሺ በ1661 ሲያርፉ ዐብዱረኡፍ ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ።

የተመለሱባት አቼ የተለየች አገር ነበረች። እስከንድር ሳኒ በ1641 ወራሽ ሳይተዉ ስለሞቱ መኳንንቱ የእስከንድር ሙዳን ልጅ፣ የሟቹንም ሚስት፣ ሱልጣና ሶፊየቱዲንን ታጁል ዓለም በሚል ማዕረግ አንግሠው ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ሆላንዶች ማላካን ከፖርቱጋሎች ወስደዋል። የሃይማኖቱ ነፋስም ዞሯል። በ1643 ሰይፉር ሪጃል የተባሉ የሚናንግካባው ሊቅ ከሕንድ ተመልሰው አር-ራኒሪን በአደባባይ ተከራከሩ፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንግዳው አደላ፤ አር-ራኒሪም የጀመሩትን መጽሐፍ እንኳ ሳይጨርሱ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ራንዴር ተመለሱ፤ በ1658 በዚያ አረፉ። በአጭር ዘመን ውስጥ አንዱ ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቆና ተነሥቶ ነበር። በዚህች ከተማ ከመካና ከመዲና የሚመጣ አዲስ ሊቅ በጥርጣሬ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። በእርግጥም ዐብዱረኡፍ እንደ ደረሱ የሱልጣናዋ ጸሐፊ የሃይማኖት አቋማቸውን እንዲመረምር ተልኮባቸዋል። መርማሪው በመልሳቸው የረካ ይመስላል፤ ሊቁ ብዙም ሳይቆዩ ቃዲ መሊክ አል-ዓዲል በሚባለው ከፍተኛ የፍርድና የሃይማኖት ማዕረግ ተሾሙ። ይህን ኃላፊነት እንደያዙ በተከታታይ በነገሡ አራት ሴቶች ዘመን ኖረዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው የመጣው ከሱልጣናዋ በተሰጠ ትእዛዝ ነው። አር-ራኒሪ የጻፉት ሲራጠል ሙስተቂም የሚመለከተው አምልኮን፣ ማለትም ጦሃራን፣ ሶላትን፣ ዘካን፣ ጾምንና ሐጅን ብቻ ነበር። ሽያጭ፣ ብድር፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስና ወንጀል በወደብ ከተማ በየቀኑ ፍርድ የሚጠይቁ ጉዳዮች ሆነው ሳለ ማላይኛ የሚያነብ ዳኛ የሚመለከተው መጽሐፍ አልነበረውም። ሱልጣናዋ ይህን ክፍተት እንዲሞሉ ዐብዱረኡፍን ጠየቁ። ሊቁ መጀመሪያ አመነቱ፤ ምክንያታቸውም ለአንባቢ ሊያስገርም ይችላል። በዐረብ አገር ከቆዩባቸው ረጅም ዓመታት የተነሣ ማላይኛቸው እንደ ደከመባቸው በመግቢያቸው ላይ ገልጸዋል። ሥራውን የጀመሩት ሁለት ወዳጆቻቸው በቋንቋው ሊረዷቸው ፈቃደኛ በሆኑ ጊዜ ነው። በማላይ ቋንቋ የመጀመሪያው ሰፊ የሙዓመላት መጽሐፍ ሚርኣት አጥ-ጡላብ እንዲህ ሆኖ በ1663 ተጠናቀቀ፤ መሠረቱም የግብጻዊው ሊቅ የዘከሪያ አል-አንሷሪ ፈትሑል ወሃብ የተባለው የሻፊዒይ ፊቅህ መጽሐፍ ነው።

ይህን መጽሐፍ ከሚያጠኑ ሰዎች ዐይን የማያመልጥ አንድ ቦታ አለ። በሻፊዒይ ሕግ ለዳኝነት ከሚያስፈልጉት መስፈርቶች አንዱ ወንድ መሆን ነው። ዐብዱረኡፍ መስፈርቶቹን ወደ ማላይኛ ሲያስተላልፉ ወንድ የሚለውን ትርጉም ያዘለውን ዘከር የሚለውን የዐረብኛ ቃል ብቻ ሳይተረጉሙ ትተውታል። መጽሐፉን ያዘዙት ሴት ሱልጣን ናቸው፤ የተተወውም ቃል ይኸው ነው። የኢንዶኔዢያው የታሪክ ምሁር አዙማርዲ አዝራ ይህን ዝምታ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብለው ተርጉመውታል፤ ሊቁ ስለ ሴት ገዢነት ጥያቄ በቀጥታ ከመመለስ መቆጠባቸውንም አመልክተዋል።

ይህን ዝምታ ፍርሃት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይረቅቃል። ሊቁ መስፈርቱን ከመጽሐፉ አልሰረዙትም፤ ትርጉሙን ለውጠውም አላስነበቡም። ዐረብኛ የሚያውቅ ሁሉ ያነበዋል፤ መጽሐፉም ከምንጩ ጋር ቢመሳከር ጉድለት አይገኝበትም። ዐረብኛ የማያውቀው የገበያ ሰው ግን ቃሉን ይዞ በንግሥቲቱ ላይ ሊነሣ አይችልም። ለሕጉ ታማኝነታቸውን ሳይጥሉ አገራቸውን ከሌላ ዙር እልቂት ለመጠበቅ የተጠቀሙበት መሣሪያ ትርጉም ነበር፤ ወይም በዚህ ስፍራ አለመተርጎም። የሌላ አገር ሊቅ ይህን ለምን እንዳደረጉ ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚገኘው በባይቱረሕማን መስጊድ ፊት በነደደው እሳት ውስጥ ነው።

ስለዚያ እሳት ራሱ የጻፉትም በዚሁ መንፈስ ነው። ዐብዱረኡፍ የህላዌ አንድነትን ትምህርት ልቅ በሆነ መንገድ የሚተረጉሙትን አልደገፉም፤ ፈጣሪ ከፍጥረቱ የተለየና የላቀ መሆኑን አጥብቀው አስተምረዋል። በይዘት ረገድ ከአር-ራኒሪ እጅግ የራቁ አልነበሩም። የሚለያዩት በአካሄድ ነው። የኢብን ዐረቢን ስንኞች ባብራሩበት ደቃኢቅ አል-ሑሩፍ በተባለው ድርሳናቸው ሙስሊምን በክህደት መወንጀል ያለውን አደጋ ሲያስጠነቅቁ፣ ተከሳሹ ካፊር ሆኖ ካልተገኘ ክሱ ወደ ከሳሹ እንደሚመለስ የሚናገረውን ሐዲስ መሠረት አድርገዋል። የአር-ራኒሪን ስም ግን አያነሡም። ለሞተ ሰው መልስ መስጠት እንደማይገባ ያመኑ ይመስላል፤ ወይም ስሙ ሲነሣ አሮጌው ቁስል እንደሚያመረቅዝ ዐውቀዋል።

ከመዲና መምህራቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነትም አልተቋረጠም። በሱማትራ ሰዎች ዘንድ፣ በሞት ጣር ላይ ያለ ሰው ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ራእዮች እንደሚታዩት የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘዋወር ነበር። ዐብዱረኡፍ ይህን በራሳቸው ፍርድ ከመሻር ይልቅ ለአል-ኩራኒ ጽፈው ጠየቁ፤ መልሱ በመጣ ጊዜም ለአገሩ ሰው በማላይኛ አስረዱ። ደብዳቤ ከአቼ ተነሥቶ መዲና ለመድረስ የንግድ መርከብንና የሐጅ ወቅትን መጠበቅ ነበረበት፤ ከሞት አልጋ አጠገብ ለሚቆም ተራ ሙስሊም ጭንቀት ሲባል ይህ ሁሉ መንገድ መሄዱ፣ እስልምና በዚያ አገር የገባበትን ጥልቀት ከብዙ የመቃብር ድንጋዮች ይልቅ ያሳያል።

ከሃያ በላይ ከሆኑት ሥራዎቻቸው መካከል ስማቸውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ተርጁማን አል-ሙስተፊድ ነው። ይህ በማላይ ቋንቋ የመጀመሪያው ሙሉ የቁርአን ተፍሲር ነው። ከእርሱ በፊት ይህን መንገድ የጀመሩ ነበሩ፤ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ከ1620 በፊት የተጻፈ አንድ የእጅ ጽሑፍ የሱረቱል ከህፍን ማብራሪያ በማላይኛ ይዟል። ከፋቲሓ እስከ ሱረቱን-ናስ ሙሉውን ያብራራ ግን ዐብዱረኡፍ ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈበት የጃዊ ፊደል የዐረብኛውን ሆሄያት ወስዶ፣ ዐረብኛ ለሌሉት የማላይ ድምፆች ነጥብ በመጨመር አዳዲስ ሆሄያትን ያበጀ ነው። አቀማመጡም ለትምህርት የታሰበ ነው፤ የዐረብኛው አንቀጽ ይቀድማል፣ የማላይኛው ፍቺ ይከተላል፣ ሰፋ ያለ ታሪክ ወይም የአነባበብ ልዩነት ሲኖር በተለየ ርእስ ይታከላል።

ስለ ተፍሲሩ ምንጭ የነበረው ክርክር ለምርምር ዘዴ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሆላንዳዊው የምሥራቅ ጥናት ምሁር ስኑክ ሁርግሮኝ መጽሐፉ የአል-በይዷዊ ተፍሲር ትርጉም ነው የሚል አስተያየት ስለሰጡ ብዙዎች ይህንኑ ሲደግሙ ኖሩ። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ፒተር ሪደል ጽሑፉን ከዐረብኛዎቹ ጋር ቃል በቃል አስተያይተው፣ ዋናው መሠረቱ ተፍሲር አል-ጀላለይን መሆኑን፣ ከአል-በይዷዊና ከአል-ኻዚን የተወሰደው በየቦታው የገባ ጭማሪ መሆኑን አሳዩ። ምርጫው የመምህርን ብልሃት ያሳያል። ጀላለይን አጭርና ግልጽ ነው፤ በሰዋስውና በፍልስፍና ጥልቅ ክርክር የሚያነብበውን አያደክምም። በዚህም ላይ ሊቁ ራሳቸው ሱፊ ሆነው ሳለ የሱፊያን ምሥጢራዊ ትርጓሜ ወደ ተፍሲሩ አላስገቡም። ይህን ዕውቀት በሌሎች ድርሳናት፣ ለተዘጋጁ ተማሪዎች ጽፈውታል። አቼን ያቃጠለው ምሥጢርን ላልተዘጋጀ ሰው በአደባባይ መበተን መሆኑን ሳያስተውሉ አልቀሩም።

ተፍሲሩ የአንድ ሰው እጅ ብቻ የነካው አይደለም። ደቀ መዝሙራቸው ባባ ዳዉድ፣ ከሩም አገር ከመጣ ቤተሰብ የተወለዱት፣ የአነባበብ ልዩነቶችንና ታሪኮችን በመጨመር መጽሐፉን አጠናቀዋል። ሌሎቹ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን ወደየአገራቸው ይዘው ሄዱ። ቡርሃኑዲን በምዕራብ ሱማትራ በኡላካን ተቀምጠው ሸጣሪያን በሚናንግካባው አገር አስፋፉ፤ መቃብራቸው ዛሬም በሰፈር ወር ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነው። ዐብዱል ሙሕዪ በምዕራብ ጃቫ በፓሚጃሃን አስተማሩ። ወደ ሐጅ የሚሄዱ የደሴቶቹ ሰዎች በአቼ ወደብ አርፈው መርከብ ስለሚጠብቁ፣ የሊቁ ጉባኤ ለብዙዎች ከመካ በፊት የሚገኝ ትምህርት ቤት ነበር። ሚርኣት አጥ-ጡላብም ከሱማትራ ርቆ ሄዷል፤ በዛሬዋ ፊሊፒንስ የማጊንዳናው ሙስሊሞች ሉዋራን የሚባለውን የሕግ ስብስባቸውን ሲያዘጋጁ ከምንጮቻቸው አንዱ አድርገውታል። ይህ ሁሉ የተደረገው ያለ ጦር ነው። የአቼ መንግሥት በዚያው ዘመን ግዛቱንና የፔራክን የቆርቆሮ ንግድ ለሆላንዶች እየለቀቀ መሆኑ ሲታሰብ፣ የመንግሥቱ ክንድ ባጠረ መጠን የመጽሐፉ መንገድ ረዝሟል።

በሕዝቡ አንደበት ደግሞ የሊቁ ሥራ ሌላ መልክ ያዘ። የአቼ ሰው ባህላዊውን ሥርዓት ለሞተው ታላቅ ሱልጣን፣ የሸሪዓውን ሕግ ደግሞ ለሲያህ ኩዋላ የሚሰጥ አባባል አለው፤ ንጉሥና ሊቅ አገሪቱን እንደ ሁለት ምሰሶ የተሸከሙ ይመስል። በመጽሐፍ ቤት የዋሉትን ሰው አፈ ታሪኩ የመጀመሪያው ሰባኪ ማድረጉም ከዚህ የመጣ ነው።

ዐብዱረኡፍ በ1693 አረፉ። በዚያን ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበሩት አራተኛዋ ንግሥት ሱልጣና ከማለት ሻህ ናቸው። ሊቁ በዝምታ ያለፉት ጥያቄ ግን በመቃብራቸው ላይ ሣር ሳይበቅል ተነሣ። በ1683 ከመካ ሸሪፍ ዘንድ መልእክተኞች ወደ አቼ መጥተው በክብር ተስተናግደው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዐረብ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ ያላቸው ቦታ ከፍ እያለ ሄደ። በ1699 ሴት በሙስሊሞች ላይ መንገሥ እንደማይገባት የሚገልጽ ደብዳቤ ከመካ ደረሰ፤ ንግሥቲቱም ከዙፋን ወረዱ፤ በምትካቸው የነቢዩ ዘር የሆኑ ሱልጣን በድሩል ዓለም ነገሡ። 58 ዓመት የዘለቀው የሴቶች አገዛዝ በአንድ ፈትዋ አበቃ። ዐብዱረኡፍ በማላይኛ ሊጽፉት ያልፈቀዱትን ቃል ሌሎች በዐረብኛ ጻፉት።

ተፍሲሩ ግን ከሥርወ መንግሥታቱ በላይ ኖረ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በእጅ ሲገለበጥ ቆይቶ በ1884 በኢስታንቡል ታተመ፤ ቀጥሎም በካይሮ፣ በመካ፣ በሲንጋፖርና በፔናንግ ማተሚያ ቤቶች ወጣ፤ በማላይ አገሮች የቁርአን ትምህርት ቤቶችም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ተነበበ። በ1961 በባንዳ አቼ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ሲያህ ኩዋላ በሚል ስም ተሰየመ። በታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የውቅያኖሱ ማዕበል የከተማዋን ዳርቻ ጠርጎ በመቃብሩ ዙሪያ የነበረውን መንደር ሲያጠፋ የሊቁ መቃብር ቀርቷል፤ ከአደጋው በኋላም ስፍራው ታድሶ ለዚያራ የሚመጣው ሰው ቀጥሏል።